ለእንጨት ስራ ዲዛይን ኮምፒውተር ስትገዙ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ

ባለፈው ሰሞን ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አንድ ልጅ ደወለልኝ፣ ቴክኒክና ሙያ በእንጨት ስራ ተመርቆ ከጓደኞቹ ጋ ተደራጅቶ ወርክሾፕ የከፈተ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ ላፕቶፕ ልገዛ አዲስ አበባ ገብቼ ሱቅ ውስጥ ቆሜያለሁ፣ ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ግራፊክሱ 6 ጊጋ ነው ይሉኛል፣ ልውሰደው?" አለኝ። ስንተኛ ጀነሬሽን ነው አልኩት፣ አላወቀም። ምን ልትሰራበት ነው ስለው ግን ወዲያው መለሰልኝ፣ ስኬችአፕ በሚባለው የስሪዲ ዲዛይን ፕሮግራም ላይ ኪችን ካቢኔትና ቁም ሳጥን እየሰራ ለደንበኛ ማሳየት ነው የሚፈልገው። እዛው ስልኩን ሳንዘጋ ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር አስከፈትኩትና እያነበበ ነገረኝ፣ አይ7 7500ዩ፣ የራሱ ግራፊክስ 2 ጊጋ፣ ቀሪው 4 ጊጋ ከራም (ኮምፒውተሩ ሲሰራ ከሚጠቀምበት ሜሞሪ) የሚበደረው ነው። ተወው አልኩት፣ ተወው።

እኔም ደብረ ብርሃን ወርክሾፕ ስከፍት የገዛሁት የመጀመሪያ ላፕቶፕ ከዚ ብዙ አይለይም። ሻጩ ያለኝን አምኜ ከፈልኩ፣ ከወር በኋላ ባልና ሚስት መጥተው የኪችናቸውን ዲዛይን እያሳየኋቸው ሞዴሉን ላዞር ስል ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ፣ ሪስታርት አድርጌ እስኪነሳ፣ ስኬችአፑ እስኪከፈት፣ ፋይሉ እስኪመጣ ሰዎቹ ቁጭ ብለው ጠብቀው ጠብቀው "ሌላ ቀን እንመለሳለን" ብለው ሄዱ፣ አልተመለሱም። ያ ስራ ለኔ የብዙ ወር ኪራይ ነበር፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዛ በኋላ ነው ነገሩን ከስሩ የተማርኩት፣ ለሰውም ሳማክር ቆይቻለሁ፣ አሁን ግን በየስልኩ ከምደጋግመው ብዬ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልበላችሁ። ኮምፒውተር ልትገዙ ስትሄዱ እስካሁን ከሰራችሁት ስራ ሁሉ ከባዱን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ ክፈቱት፣ አዙሩት፣ ሻዶው (ጥላ) አብሩበት፣ ካልሄደ አትክፈሉ። ሌላው የምነግራችሁ ሁሉ ለምን እንደሚሄድ ወይም ለምን እንደማይሄድ እንድታውቁና ሻጩ ሲያወራ እንዳትደናገሩ ነው። የራሴ ፋይል የለኝም ገና ጀማሪ ነኝ የምትሉ ከስኬችአፕ ስሪዲ ዌርሃውስ ላይ እቃው የተሟላ አንድ ትልቅ ኪችን አውርዳችሁ ያዙ፣ ይበቃል።

እንግዲህ ከኮምፒውተሩ በፊት ፕሮግራሙን ወስኑ። አብዛኞቻችን ምንሰራው በስኬችአፕ ነው፣ ስኬችአፕ ደግሞ አንድ ባህሪ አለው፣ ሞዴል ስትሰሩና ስታዞሩ በዋናነት ሚጠቀመው የፕሮሰሰሩን አንድ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት ሰራተኞች አንዱን በሉት) ብቻ ነው። 16 ኮር ብትገዙለት አንዱ ሲሰራ ሌላው ቆሞ ነው የሚያየው፣ አንድ መጋዝ ይዞ አስር ሰራተኛ እንደመቅጠር ማለት ነው። ስለዚ ለስኬችአፕ የኮሩ ብዛት ሳይሆን አንዷ ኮር ምን ያህል ፈጣን ናት የሚለው ነው ወሳኙ፣ አዲስ ጀነሬሽን አይ5 አሮጌ አይ7ን የሚበልጠውም አንዱ በዚ ነው። ኦፕን ከት ሊስት የሚባለውን ስኬችአፕ ላይ የሚጨመር ነፃ ኤክስቴንሽን ጭናችሁ 122 በ244 የሆነውን ኤምዲኤፍ ወይም ችፑድ ስንት ጣውላ እንደሚፈጅ የምታስቆርጡ ከሆነም ያ ስራ ኮምፒውተር አይጨንቅም፣ ሞዴሉ በኮምፖነንት፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ለየብቻው ሆኖ በስርዓት ከተሰራ ብቻ ነው ትክክል የሚወጣው።

ሬንደር ግን ሌላ ዓለም ነው። ደንበኛ ፎቶ የመሰለ ምስል ሲፈልግ ቪሬይ የሚባለው የሬንደር ፕሮግራም ካላችሁ በሲፒዩ (በፕሮሰሰሩ) ስታሰሩት ሁሉንም ኮር ይበላል፣ ያኔ የኮር ብዛት ይጠቅማል። ኤንስኬፕ ወይም ዲ5 ከሆነ ደግሞ ስራው ሁሉ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ኤንስኬፕ ቢያንስ 4 ጊጋ የራሱ ሜሞሪ ያለው ካርድ ይፈልጋል፣ ዲ5 ጂቲኤክስ 1060 ከሚባለው ባለ 6 ጊጋ ካርድ በታች አይሞከርም። ሉሚየን ከዚም ይከብዳል፣ እኔ ለአናጢ ሉሚየን አልመክርም፣ እሱ ለአርክቴክት ነው፣ ግቢና ዛፍ ሰማይ ምናምን ለሚያሳይ፣ እኛ ቁም ሳጥን ነው ምናሳየው።

ስኬችአፕን በብራውዘር በነፃ መጠቀም ይቻላል፣ ግን ኢንተርኔት ከሌለ የለም፣ ፋይሉም የሚቀመጠው እዛው ኦንላይን ነው። ፊዩዥን የሚባለውም ጥሩ ፕሮግራም ነው ግን አካውንታችሁን ኢንተርኔት ላይ እየገባ ማረጋገጥ ይፈልጋል፣ ከኔትወርክ ውጪ የሚያሰራችሁ ለሁለት ሳምንት ገደማ ነው። እኛ አካባቢ ኔትወርክ ሲጠፋ መቼ እንደሚመለስ ስለማይታወቅ ደንበኛ ጠብቆ ስራችሁን መክፈት ሲያቅታችሁ ምን እንደሚሰማ አስቡት። መክፈል ለማይችል ሰው ፍሪካድና ብሌንደር ሙሉ በሙሉ ነፃ ናቸው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሰራሉ፣ ፍሪካድ 1.0 የሚባለው ቨርዥን በህዳር 2017 ወጥቷል፣ ከድሮው በጣም ተሻሽሏል። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ግን ተጠንቀቁ፣ ከክራኩ ጋ የሚመጣ ቫይረስ የአንድ ወርክሾፕ ሙሉ የስራ ፋይል ሲቆልፍ በአይኔ አይቻለሁ።

ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር ኮድ እየተመራ የሚቀርጽ ማሽን) ያላችሁ ወይም ልታስገቡ ያሰባችሁ አንድ ነገር ለዩልኝ። ዲዛይን የሚሰራበት ኮምፒውተርና ማሽኑን የሚነዳው ኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። ቪካርቭ ወይም አስፓየር በሚባሉት የቅርጽ ፕሮግራሞች ላይ የበር ሐረግ በስሪዲ ስትሰሩ ቱልፓዙን (መቁረጫው የሚሄድበትን መንገድ) ለማስላት ጥሩ ፕሮሰሰርና ራም ያስፈልጋል፣ እሱ ቢሮ ይቀመጥ። ማሽኑ ጋ ያለው ግን ዲኤስፒ ኮንትሮለር (በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ) ከሆነ ኮምፒውተር ጭራሽ አይፈልግም፣ ጂ ኮዱን (ማሽኑ የሚያነበውን ፋይል) በፍላሽ ሰክታችሁ ነው ምታስሩት። ማክ3 የሚባለው ማሽን መንጃ ፕሮግራም በድሮው ፓራለል ፖርት (በድሮ የፕሪንተር መሰኪያ) የሚሰራ ከሆነ ደግሞ የሚፈልገው አሮጌ ኮምፒውተር ነው፣ 32 ቢት ዊንዶውስ ያለው፣ አዲስ ባለ 64 ቢት ብትገዙለት የፓራለል ፖርቱ ድራይቨር አይሰራም። አዲስ ገዝቶ ማሽን ጎን አቧራ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ፣ ፋይዳ የለውም፣ አሮጌውን እዛ ተዉት አዲሱን ከመጋዙ አርቁት።

አሁን ፕሮሰሰር። "ኮር አይ ሰቨን" ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፣ አይ7 ከወጣ ብዙ ዓመቱ ነው፣ የድሮውም የአሁኑም ያው አይ7 ይባላል። ቁጥሩን ሙሉውን አንብቡ። አይ5 8250ዩ ከተባለ 8ኛ ጀነሬሽን ነው፣ 12450 ካለ 12ኛ ነው፣ አምስት ዲጂት ሲሆን የፊተኞቹን ሁለቱን ነው ምታዩት። የመሐል ሜዳው ልጅ ላፕቶፕ ላይ ያለው አይ7 7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፣ አይ5 8250ዩ ግን አራት አለው፣ ስሙ አይ5 ሆኖ። ከ7 ወደ 8 ያለው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ መስመሩን እዛ አስምሩ፣ ከ8ኛ በታች አትግዙ። ሌላም ምክንያት አለ፣ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ስለዚ 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን በርካሽ የሚሸጡላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም።

መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደልም ትናገራለች። ዩ ማለት ባትሪ ቆጣቢ፣ 15 ዋት አካባቢ የሚሰራ፣ ቀላል ሞዴል ያስኬዳል። ኤች ማለት 45 ዋት አካባቢ፣ ለኛ ስራ የሚሆነው ይሄ ነው፣ ይሞቃል ይከብዳል ግን ይሰራል። የኤኤምዲው ራይዘን ፕሮሰሰር ከሆነም ጥሩ ነው፣ አንድ ጥንቃቄ ብቻ፣ 7 ሺ ቤት የሆኑት ላፕቶፖች ላይ ሦስተኛዋን ቁጥር እዩ። 7520ዩ አዲስ ይመስላል ውስጡ ግን በፈረንጅ 2019 የወጣው ዜን 2 የሚባለው የድሮ ዲዛይን ነው፣ ሦስተኛዋ ቁጥር 3 ከሆነች ዜን 3፣ 4 ከሆነች ዜን 4 ነው።

ግራፊክስ ላይ ነው ሰው በብዛት የሚታለለው፣ እዚ ጋ ትንሽ ልቆይ። ዊንዶውስ ሁልጊዜ ከራሙ ግማሽ ያህሉን ለግራፊክስ ሊያበድር ይችላል፣ ይሄ ሼርድ ይባላል። ላፕቶፑ 8 ጊጋ ራም ካለው ሼርዱ 4 ጊጋ ይላል፣ ካርዱ የራሱ 2 ጊጋ ካለው ቶታል 6 ይላል። አንዳንድ ሻጭ ይቺን ቶታል ነው ሚነግራችሁ፣ ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውም ብዙውን ጊዜ እሷ ናት። እናንተ መጠየቅ ያለባችሁ ዴዲኬትዱ (የካርዱ የራሱ ሜሞሪ) ስንት ነው የሚለውን ብቻ ነው። የካርዱንም ስም ጠይቁ፣ ኤምኤክስ 150 እና ኤምኤክስ 250 ብዙውን ጊዜ ባለ 2 ጊጋ ናቸው፣ መለስተኛ ቁም ሳጥን፣ ኮመዲኖ፣ ቲቪ ስታንድ ለመሳል ይበቃሉ፣ ለሬንደር አይሆኑም። ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋ ደህና መነሻ ነው፣ አርቲኤክስ 3050 ይሻላል፣ በተለይ ባለ 6 ጊጋው ከተገኘ። ኳድሮ ፒ1000 እና ፒ2000 የሚባሉትም ላፕቶፕ ላይ ባለ 4 ጊጋ ሆነው ይመጣሉ፣ ለስኬችአፕ የታመኑ ናቸው።

ካርድ ያለው ላፕቶፕ ገዝታችሁም ስኬችአፑ ካርዱን ላይጠቀም ይችላል። ላፕቶፑ ውስጥ ሁለት ግራፊክስ ስላለ፣ የኢንቴሉና የኤንቪዲያው፣ ዊንዶውስ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ኢንቴሉን ሊሰጠው ይችላል። ሴቲንግ ገብታችሁ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ የሚለው ውስጥ ስኬችአፕን ጨምሩና ሃይ ፐርፎርማንስ በሉት። አንድ የሸዋ ሮቢት ባለሙያ ላፕቶፑን ሊሸጠው ተነስቶ ይሄን ብቻ አስተካክሎ ነው እስካሁን እየሰራበት ያለው።

የግራፊክሱን ሜሞሪ ከሚበሉት ነገሮች አንዱ እኛው የምናስገባው ፎቶ ነው። ስኬችአፕ ይዞት የሚመጣው እንጨት የፈረንጅ ነው፣ የኛን ጽድ፣ ዋንዛ፣ ወይራ አይመስልም፣ ደንበኛ ደግሞ "ይሄ ጽድ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ የተላገ ጣውላ ጥላ ውስጥ አድርጌ በስልክ አነሳና እንደ ማቴሪያል አስገባዋለሁ፣ በጣም ያምራል፣ ግን ስልኩ ያነሳውን ሙሉውን ትልቁን ፎቶ አታስገቡ፣ ወደ 1024 ወይም ቢበዛ 2048 ፒክስል አሳንሱት። አስር ትልልቅ ፎቶ ያለው ሞዴል ጥሩ ኮምፒውተርንም ያንቀራፍፋል።

ራም 8 ጊጋ መነሻ ነው፣ ግን ክሮም፣ ቴሌግራምና ስኬችአፕ አንድ ላይ ከተከፈቱ ያልቃል፣ 16 ያዙ፣ ሬንደር በብዛት ከሰራችሁ 32። ባንድ 16 ከሚሆን በሁለት 8 ቢሆን ይሻላል፣ በተለይ ካርድ ለሌለው ላፕቶፕ፣ ምክንያቱም ሁለት ሲሆኑ መንገዱ ይሰፋል። ከመግዛታችሁ በፊት ማሳደግ ይቻላል ወይ በሉ። ቲንክፓድ ቲ480 ለምሳሌ ሁለት የራም ቦታ አለው፣ ኤክስ1 ካርበን ግን ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ የገዛችሁት ራም ሁልጊዜ ያው ነው።

ሀርድ ዲስክ ያለውን አትግዙ፣ ኤስኤስዲ ብቻ፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ከሆነ ይመረጣል፣ 512 ጊጋ ይበቃል። የፍጥነቱን ነገር ሁሉም ያውቀዋል፣ ለኛ አገር ግን ሌላ ምክንያት አለው። የተለመደው ሀርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ጭንቅላት ከሚሽከረከረው ዲስክ በላይ በአየር ተንሳፎ ነው የሚሄደው፣ አየር ሲሳሳ ወደ ዲስኩ ይቀርባል፣ ለዛም ነው አምራቾች በብዛት 3048 ሜትር ብለው ከፍታ የሚገድቡት። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር አካባቢ ነው፣ መሐል ሜዳና የመንዝ ደጋ ከ3000 በላይ ነው፣ ገደቡ ጫፍ ላይ ወይም አልፎ ማለት ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። አየሩ መሳሳቱ ለፋንም አይመችም፣ ያው ፋን እዚ የሚያወጣው ሙቀት ቆላ ላይ ከሚያወጣው ያንሳል፣ ብርዱ ግን ያካክስልናል። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ላሉት ደግሞ ብርዱ የለም፣ እናንተ ቀጭን ላፕቶፕ ከኃይለኛ ካርድ ጋ አትግዙ፣ ሲሞቅ ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የከፈላችሁበትን ፍጥነት አታገኙትም፣ ወፈር ያለ ባለ ሁለት ፋን ያዙ።

ስክሪን 1920 በ1080 ይሁን፣ 1366 በ768 የሆነው ላይ የስኬችአፕ ቱልባር ግማሹን ቦታ ይይዝና ሞዴሉ ጥግ ላይ ይቀራል። አይፒኤስ የሚባለው የስክሪን ዓይነት መሆኑንም እዩ፣ ከጎን ስታዩት ቀለሙ የሚቀየር ከሆነ አይደለም። ባልየው ከፊት ሚስትየው ከጎን ተቀምጠው አንዱን ላሚኔት አንዱ ቡኒ ሌላው ግራጫ ብሎ ሲያየው ከባድ ነው፣ በተለይ ቆርጣችሁ ከገጠማችሁ በኋላ "ያሳየኸኝ ይሄ አይደለም" ሲመጣ።

ማውስ እባካችሁ ግዙ። በቶችፓድ ስኬችአፕ መስራት እጅ ማድከም ነው፣ መሀል ጎማ ያለው ሲጫኑት የሚጫን ማውስ፣ ጎማውን ተጭናችሁ ስትይዙ ሞዴሉ ይዞራል፣ ሺፍት ስትጨምሩ ይንሸራተታል። ኪቦርዱ በቀኝ በኩል የቁጥር ክፍል ያለው ቢሆን ሸጋ ነው፣ የኛ ስራ ቀኑን ሙሉ 600፣ 720፣ 18 እያሉ ልኬት መጻፍ ነው።

ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ? በተመሳሳይ ብር ዴስክቶፕ የበለጠ ይሰጣችኋል፣ ሲበላሽም በየአካሉ ይቀየራል፣ አይሞቅም። ግን መብራት። ወርክሾፓችን ውስጥ ፕላነሩና መጋዙ ሲነሱ ሞተሩ በመነሻው ብዙ ስለሚስብ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ዴስክቶፑ ባንድ መስመር ላይ ከሆነ ሪስታርት ያደርጋል። ስታቢላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አይዝም፣ የሚይዘው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው፣ እሱም ሴቭ አድርጋችሁ እንድትዘጉ ነው እንጂ ስራ እንድትጨርሱበት አይደለም። የላፕቶፕ ቻርጀር ግን ላዩ ላይ እንደምታነቡት ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ መብራት ሲሄድም ባትሪው ይይዛል። ደንበኛ ቤት ሄዶ ልኬት ወስዶ እዛው መሳልም አለ፣ ጫጫ፣ ደነባ፣ እነዋሪ ድረስ ለስራ ሚሄድ ሰው ዴስክቶፕ ተሸክሞ አይሄድም። ስለዚ እኔ የምመክረው ላፕቶፕ ነው፣ ዴስክቶፕ የምመክረው ቢሮው ከማሽኑ ለተለየ፣ የመብራት መስመሩም ለብቻው ለሆነና ሬንደር ለሚበዛበት ሰው ነው። ዴስክቶፕ ከገዛችሁ ደግሞ ያቺን ትንሿን የቢሮ ኬዝ ከወሰዳችሁ ትልቅ ካርድ አይገባባትም፣ ፓወር ሳፕላይዋም አይችልም፣ አጭር ሆኖ የተሰራ ጂቲኤክስ 1650 ዓይነት ከቦርዱ ብቻ 75 ዋት ስቦ የሚሰራ ካርድ ነው የምታገኙላት።

ጌሚንግ ላፕቶፕ የምትገዙ ይሄን እወቁ፣ ከቻርጀር ሲነቀል ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል፣ ደንበኛ ቤት በባትሪ ሬንደር አሳያለሁ ብላችሁ አትሂዱ፣ ምስሉን ቢሮ ጨርሳችሁ በስልክ ወይ በፍላሽ ውሰዱ።

አዲስ ወይስ ያገለገለ? ብራችሁ ውስን ከሆነ አዲስ ደካማ ላፕቶፕ ከምትገዙ ያገለገለ ወርክስቴሽን ግዙ፣ ይሄን በልበ ሙሉነት ነው የምናገረው። ዴል ፕሪሲዥን 5530፣ ኤችፒ ዜድቡክ 15 ጂ5፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ52፣ ሦስቱም 8ኛ ጀነሬሽን ኤች ፕሮሰሰር ያላቸው፣ ብዙዎቹ ኳድሮ ፒ1000 ወይ ፒ2000 ይዘው የሚመጡ ናቸው፣ የተሰሩትም ለኢንጂነር ነው። ያው ሞዴል ሆኖ ካርዱ ሊለያይ ስለሚችል ስሙን አይታችሁ አትክፈሉ፣ ከፍታችሁ እዩ። ቻርጀሩንም እዩ፣ እነዚ ላፕቶፖች 130 ዋት ወይም ከዛ በላይ ነው ሚፈልጉት፣ ባለ 65 ዋት ቻርጀር ሰክተው ከሸጡላችሁ ሊሰራ ይችላል ግን ዝግ ይላል፣ ብልሽቱም የት እንደሆነ አታውቁትም።

ዋጋ አልጻፍኩም፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኮምፒውተር ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ሲደርሳችሁ ያሳስታችኋል። አንድ ሱቅ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት ሱቅ ያንኑ ሞዴል ጠይቁ፣ መርካቶ፣ መገናኛ፣ ቦሌ፣ ልዩነቱ የትራንስፖርታችሁን ይመልሳል።

ሱቅ ስትገቡ እንዲህ አድርጉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማናጀር ይመጣል፣ ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቱ። ሲፒዩ ላይ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስምና ስንት ኮር እንዳለው ታነባላችሁ፣ ሜሞሪ ላይ ራሙ ስንት እንደሆነና ከስንት ቦታ ስንቱ እንደተያዘ ይላል፣ ዲስክ ላይ ኤስኤስዲ ወይ ኤችዲዲ ብሎ ይጽፋል፣ ጂፒዩ ላይ የካርዱ ስም ከላይ አለ፣ ከታች ዴዲኬትድና ሼርድ ለየብቻ ተጽፈዋል። የሻጩ ወረቀት ሌላ ቢልም የምታምኑት ይሄንን ነው። ከዛ ፍላሻችሁን ሰክታችሁ ስኬችአፕ ከሌለው አስጭናችሁ ፋይላችሁን ክፈቱ። ሻዶው አብሩ፣ ጎማውን ተጭናችሁ ዙሪያውን አዙሩ፣ ወደ መሳቢያው ውስጥ ግቡ ውጡ፣ አስር ደቂቃ ሳትቸኩሉ። መጀመሪያ ጥሩ ሄዶ ከአስር ደቂቃ በኋላ ከተንቀራፈፈ ሙቀት ነው፣ ፋኑ አቧራ ሞልቶበታል ወይ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ፔስት ደርቋል። ያገለገለ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱና የኤስኤስዲውን ጤና በፐርሰንት እዩት። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ውስጥ አስገቡት፣ ፓስወርድ ከጠየቀ ተዉት፣ የድርጅት እቃ ሆኖ ያልተፈታ ሊሆን ይችላል። ማጠፊያውን ክፈቱ ዝጉ፣ ዩኤስቢዎቹን አንድ በአንድ ሞክሩ፣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ባትሪው እንዴት እንደሚወርድ እዩ። ሻጭ "ቸኮልኩ" ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎሜትር ነው፣ ለመመለስ ሌላ ቀን፣ ሌላ ትራንስፖርት፣ የተዘጋ ወርክሾፕ ነው፣ ከመንዝ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፣ ስለዚ አስር ደቂቃው አይቆጫችሁ። ደረሰኝና ዋስትና በጽሁፍ ተቀበሉ፣ ሲሪያል ቁጥሩ ይጻፍበት።

ለማሳጠር ያህል የኔን ምርጫ ልንገራችሁ። ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ ቡፌ ስሎ ልኬት ለማውጣት ብቻ ለሆነ ሰው 8ኛ ጀነሬሽን አይ5፣ 16 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ እንደ ቲ480 ያለ፣ ካርድ ባይኖረውም ይሄዳል። ኪችን ሙሉውን ሰርቶ ሬንደር ለሚያሳይ ከላይ ያልኳቸው ወርክስቴሽኖች ወይም ባለ 1650ና ከዛ በላይ ላፕቶፕ። በሪሊፍ (ከፍ ዝቅ ባለ የስሪዲ ቅርጽ) እና በሲኤንሲ ለሚሰራ ዊንዶውስ ያለው ግዴታ ነው፣ ቪካርቭና አስፓየር የተሰሩት ለዊንዶውስ ነው፣ ማክቡክ ስኬችአፕ ያስኬዳል ግን ለዚ ስራ ያስቸግራል።

ገዝታችሁ ስትመለሱ ከመጋዙ ክፍል ውጪ አስቀምጡት፣ የኤምዲኤፍ አቧራ ደቃቅ ስለሆነ ፋን ውስጥ ገብቶ እንደ ጨርቅ ይጋገራል፣ በየሦስት አራት ወሩ አስከፍታችሁ አስነፉት፣ ኮምፕረሰር ያላችሁ ፋኑን በእንጨት ስንጥር ያዙና ከራቅ ብላችሁ በትንሽ ግፊት ንፉ፣ ውሃ የቋጠረ ኮምፕረሰር እንዳይሆን። በህዳርና ታህሳስ ውርጭ ማለዳ ቀዝቅዞ ያደረ ላፕቶፕ ሞቃት ክፍል ስታስገቡት ውስጡ ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል ቶሎ አታብሩት፣ ግማሽ ሰዓት ከቦርሳው ሳታወጡ ተዉት፣ ባትሪውም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋል።

ስኬችአፑን እንደጫናችሁ መለኪያውን ሚሊሜትር አድርጋችሁ ቴምፕሌት አስቀምጡ፣ ፕሪፈረንስ ውስጥ ጀነራል የሚለው ላይ አውቶሴቭ መብራቱን እዩ፣ አምስት ደቂቃ ላይ ይሁን፣ ክሬት ባክአፕ የሚለውም ይብራ፣ ፋይሉ ቢበላሽ ኤስኬቢ የሚል ቅጂ ጎኑ ታገኛላችሁ። ማታ ስትዘጉ የቀኑን ስራ በፍላሽ ቅዱና ፍላሹን ላፕቶፑ ካለበት ቤት አታሳድሩት። የመሐል ሜዳው ልጅ በመጨረሻ የወሰደው ዜድቡክ ነው፣ ሱቁ ውስጥ የራሱን የኪችን ፋይል ከፍቶ ሻዶው አብርቶ እያዞረ በቪዲዮ ደወለልኝ፣ አንድም ቦታ አልቆመም።